የክር አበባ ዋጋው ክሩ አይደለም

በአርሲ ደጋ ከተሞች፣ በአሰላም ይሁን በበቆጂ፣ ከጭላሎ ተራራ ማዶ ባለችው በጢቾም፣ ዳንቴል እንግዳ ነገር አይደለም። ሶፋው መደገፊያ ላይ ይነጠፋል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል ይደረጋል፤ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ሥር ይዘረጋል። ብዙ ጊዜ እዚያው ዳንቴሉ መሀል የአበባ ማስቀመጫ ይቆማል፤ ማስቀመጫው ውስጥ ያለው ደግሞ ከገበያ የተገዛ የፕላስቲክ አበባ ነው። ዳንቴሉን የሠራችው የቤቱ እመቤት ወይም ልጇ ናት፤ በኪሮሽና በክር፣ ከሌላ ሥራ በተረፈ ሰዓት። አበባውን የሠራው ግን በሩቅ አገር ያለ ፋብሪካ ነው፤ የተገዛውም በጥሬ ገንዘብ ነው። ያው ኪሮሽና ያው እጅ አበባውንም መሥራት እንደሚችሉ የሚያውቅ ሰው ጥቂት አይደለም፤ እየሠሩ ለመሸጥ የሚሞክሩም አሉ። ችግሩ ያለው ዋጋው ላይ ነው። ሠሪዋ ክሩ ስንት እንደወጣበት ታስብና ጥቂት ብር ጨምራ ትሸጠዋለች፤ ገዢውም "ክር አይደለም እንዴ!" ብሎ ከዚያም ላይ ያስቀንሳል። እኔ የምለው ይህ ሂሳብ ከሥሩ የተሳሳተ መሆኑን ነው። የክር አበባ ዋጋው የክሩ ሳይሆን የሰዓቱ ነው። ይህን ሠሪዋም ገዢውም ከተቀበሉት ሥራው እንደ ጢቾ ላለ ከተማ እውነተኛ መተዳደሪያ ሊሆን ይችላል፤ ካልተቀበሉት ግን ምንም ያህል ቢያምር ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ ይቀራል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ኪሮሽ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው አጭር ዘንግ ነው። ሹራብ በሁለት መርፌ ሲሠራ በርካታ ቀለበቶች በአንድ ጊዜ መርፌው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። በኪሮሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። መንጠቆው ክሩን ስቦ በዚያ ቀለበት ውስጥ ሲያሳልፈው ሌላ ቀለበት ይወጣል፤ አሮጌው ይዘጋል፣ አዲሱ ቦታውን ይረከባል። እነዚህ ሲከታተሉ ሰንሰለት ይሆናሉ፤ በጣም የተለመደው የጽጌረዳ አሠራርም ከዚሁ ሰንሰለት ይጀምራል። ሠሪዋ ረዘም ያለ ሰንሰለት ታወጣና ወደ ኋላ እየተመለሰች በአንዷ ቀዳዳ ውስጥ አምስት ስድስት ረጃጅም ጥልፎች ትከታለች። ቦታው ስለሚጠብባቸው ወደ ላይ ተነሥተው እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ፤ አንድ የአበባ ቅጠል ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ ባለችው ቀዳዳ በአጭር ጥልፍ ታስረዋለች፤ ሌላውን ትጀምራለች። ወደ መጨረሻው ስትቃረብ ቅጠሎቹን ትልልቅ ታደርጋቸዋለች። ሰንሰለቱ ሲያልቅ እጇ ላይ ያለው ገና አበባ አይደለም፤ አንድ ጎኑ የተርገበገበ ጥብጣብ ነው። ጥብጣቡን ከትንንሾቹ ቅጠሎች በኩል ጀምራ ስትጠቀልለው ትንንሾቹ መሀል ገብተው እምቡጥ ይሆናሉ፤ ትልልቆቹ ከውጭ ይከቧቸዋል። ከሥሩ በመርፌ ትሰፋዋለች፤ ሽቦ ትከትበታለች፤ ሽቦውን በአረንጓዴ ክር ትጠቀልላለች። ጥቅለላው ከላላ አበባው ይፈታል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ቅጠሎቹ አይከፈቱም። ልኩን የሚያውቀው እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ ይህን የሚያውቀው ብዙ አበባ አበላሽቶ ነው።

በእያንዳንዱ ቅጠል ጀርባ ቆጠራ አለ። ክብ ነገር በአጭር ጥልፍ ሲሠራ፣ በ6 ተጀምሮ በየዙሩ 6 ከተጨመረ፣ 6፣ 12፣ 18፣ 24 እያለ ለጥ ብሎ ይተኛል። መጨመሩ ሲቆም ጠርዙ ወደ ላይ ይቆምና ጽዋ ይሠራል፤ የአበባው መሀል የሚወጣው እንዲህ ነው። ከልክ በላይ ሲጨመር ደግሞ፣ በየዙሩ እጥፍ እየሆነ 6፣ 12፣ 24፣ 48 ሲል፣ ጠርዙ የሚተኛበት ቦታ ያጣና ይጨማደዳል። የአበባ ቅጠል ዳር የሚርገበገበው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረች ዳይና ታይሚና የተባለች የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ምሁር ይህንኑ ነገር ለሌላ ጉዳይ ተጠቀመችበት። የሒሳብ ሊቃውንት "ሃይፐርቦሊክ" የሚሉት፣ ከራሱ ላይ እየሸሸ የሚሰፋ የገጽ ዓይነት አለ፤ ተማሪዎች በእጃቸው ዳሰው እንዲረዱት ከወረቀት ሲሠራላቸው ቶሎ ይበጣጠስ ነበር። ታይሚና ኪሮሽና ክር ወስዳ ጥልፉን በተወሰነ ልክ እየጨመረች ሠራችው፤ የሚዳሰስ፣ የሚታጠፍ፣ የማይቀደድ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያነሣሁት ቁም ነገሩን ለማክበድ ብዬ አይደለም። ጢቾ ላይ ወይም አሰላ ላይ ቁጭ ብላ የአበባ ቅጠል የምታርገበግብ ሴት በልቧ የምትይዘው ቁጥር የዩኒቨርሲቲ መምህርት ክፍል ውስጥ ያስተማረችበት ቁጥር ነው። "ቀላል የሴት ሥራ" የሚለውን ፍርድ ይህ ብቻውን ያፈርሰዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ። ሹራብን ማሽን መሥራት ከጀመረ አራት መቶ ዓመት አልፎታል፤ እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊ የካልሲ መሥሪያውን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው። ይህ የሆነው የሹራብ ቀለበቶች በሥርዓት ተሰልፈው ስለሚቆሙ ነው፤ ለተሰለፈ ነገር ማሽን ማበጀት ይቻላል። የኪሮሽ መንጠቆ ግን አሁን እዚህ ገብቶ ቀጥሎ ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ ሊመለስ፣ ከጀርባ በኩል ሊገባ፣ ቅጠሉን ዞሮ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ነው እስከ ዛሬ ድረስ በገበያ ላይ የዋለ፣ የእጁን ኪሮሽ የሚተካ የፋብሪካ ማሽን የሌለው። በምርምር ቤት ሙከራዎች አሉ፤ ፋብሪካ ግን የለም። ሱቅ ውስጥ ኪሮሽ መሰል ልብስ ሲታይ ወይ አንድ ሰው በእጁ የሠራው ነው፣ ወይም በሌላ ማሽን የተሠራ አስመሳይ ነው።

ለአርሲ ሰው ይህ ቁም ነገር ከማንም በላይ ሊገባው ይገባል። በስዊድን መንግሥት እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ የተቋቋመው፣ ሕዝቡ "ካዱ" ብሎ የሚያውቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ ሲመጣ የስንዴው ምርት አደገ። ምርቱ ሲያድግ ግን ባለ መሬቶቹ ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን ማፈናቀል ጀመሩ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ከእርሻው ወጥቷል። ዛሬም በመኸር ወቅት ኮምባይነር በአንድ ቀን የሚያጭደውን ስንዴ ያየ ሰው፣ በማጭድ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ሰው የት እንደ ገባ መጠየቁ አይቀርም። የማሽኑን ጥቅም አልክድም፤ እህሉ ሳይረግፍ ይሰበሰባል። ነገር ግን ጉልበቱን ማሽን እየተካው ባለ አካባቢ ማሽን ሊተካው ያልቻለ ሥራ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ይህ ሥራ እንደ ትርፍ ነገር መታየቱ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ቤጂንግ ላይ የክረምት ኦሊምፒክ ሲደረግ ለአሸናፊዎች የተሰጠው እቅፍ አበባ የተፈጥሮ አበባ አልነበረም፤ ከሱፍ ክር በእጅ የተሠራ ነበር። አዘጋጆቹ የመረጡት በብርዱ ወራት ትኩስ አበባ ከማባከን ይልቅ ተሸላሚው ዕድሜ ልኩን የሚያኖረው ነገር ይሻላል ብለው ነው። ለኦሊምፒኩና ለፓራሊምፒኩ 1,251 እቅፍ ተሠራ፤ በውስጣቸው 16,731 የአበባ ዘንግ ነበረ፤ ጽጌረዳው፣ የወይራ ቅርንጫፉ፣ ሌላውም ተደምሮ ማለት ነው። ሥራው በአጠቃላይ 50,000 ሰዓት ያህል እንደ ፈጀ ተነግሯል። ይህ ለአንድ እቅፍ 40 ሰዓት፣ ለአንድ ዘንግ ደግሞ 3 ሰዓት ያህል ይደርሳል። ደራርቱ ቱሉን በባርሴሎና፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን በአትላንታና በሲድኒ አሸናፊ ሆነው ያየው የአርሲ ሕዝብ የኦሊምፒክ መድረክ ምን ያህል ክብር እንዳለው ያውቃል። እዚያ መድረክ ላይ ለመውጣት የበቃ የእጅ ሥራ ጢቾ ገበያ ላይ ሲደርስ "ክር አይደለም እንዴ" የሚባልበት ምክንያት የለም። የቤጂንጉ አበባ በጥንቃቄ የተሠራ ስለሆነ 3 ሰዓት ወሰደ፤ ተራውን ጽጌረዳ የለመደች እጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልታወጣው ትችላለች። አንድ ሰዓትም ቢሆን ሰዓት ነው።

በምሳሌ ቁጥር እናስላው። የአካባቢው የቀን ሥራ ዋጋ ለ8 ሰዓት 400 ብር ነው እንበል፤ ሰዓቱ 50 ብር መጣ። ለአንድ ጽጌረዳ የሚገባው ክርና ሽቦ 15 ብር ቢሆን፣ አሥር ጽጌረዳ ያለው እቅፍ የ150 ብር ዕቃ ይወስዳል። አሥሩን ለመሥራት 10 ሰዓት፣ አስሮ ለመጠቅለል 1 ሰዓት ይጨመር፤ የ11 ሰዓት ጉልበት 550 ብር ነው። እቅፉ ትርፍ ሳይታሰብበት 700 ብር ማውጣት አለበት። ሠሪዋ "ክሩን ካወጣሁ ይበቃኛል" ብላ በ250 ብር ከሰጠችው ከዕቃው ወጪ በኋላ የሚተርፋት 100 ብር ነው፤ ለ11 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 9 ብር ገደማ። ያንኑ ያህል ሰዓት ሰው እርሻ ላይ አረም ብታርም ከአምስት እጥፍ በላይ ታገኝ ነበር። ቁጥሮቹ እንደ ጊዜው ይለዋወጣሉ፤ ስሌቱ ግን አይለወጥም። ብዙ ሴት "ቤቴ ተቀምጬ ነው የሠራሁት" ብላ ጉልበቷን ከሂሳቡ ታወጣዋለች። አናጢ ቤቱ ተቀምጦ ወንበር ቢሠራ የእንጨቱን ዋጋ ብቻ አይጠይቅም፤ ማንም ሰውም እንዲያ እንዲያደርግ አይጠብቅበትም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ግልጽ ነው፦ የፕላስቲኩ አበባ በጥቂት ብር እየተገኘ ማን 700 ብር ይከፍላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም "ሁሉም ይከፍላል" የሚል አይደለም። ቡፌ ላይ ዓመቱን ሙሉ አቧራ ለሚጠጣ አበባ የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው፤ የክር አበባ ሠሪ ከፕላስቲኩ ጋር በዋጋ ልፎካከር ካለች ደግሞ የገባችበት ውድድር መሸነፊያዋ ነው። ገበያው ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ሰው ለሌላ ሰው አበባ በሚሰጥበት ቦታ። ምረቃ፣ ሠርግ፣ ልደት፣ የታመመ መጠየቅ፣ ከውጭ የመጣን ዘመድ መሸኘት አለ። አርሲ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አሰላ ላይ ነው ያለው፤ በየዓመቱ ተማሪ ያስመርቃል፤ በምረቃ ቀን ደግሞ ተመራቂ ያለ እቅፍ አበባ ፎቶ አይነሣም። እዚያ የሚፎካከሩት የክር አበባና ትኩስ አበባ ናቸው፤ ትኩሱ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ይጠወልጋል። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥሎ በአፍሪካ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ ናት፤ ከአርሲ ደጋ ቁልቁል ዝዋይ ሐይቅ ዳር የሚለማው ጽጌረዳ ተቆርጦ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ጢቾ ማቀዝቀዣ መኪና አያስፈልጋትም። የክር አበባ በካርቶን ተጭኖ በአውቶቡስ አሰላ ይገባል፤ ከዚያም 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ሳይሸጥ ቢመለስም አይበላሽም። ለአነስተኛ ገበያ ደግሞ አሥር ጽጌረዳ መሥራት ግድ አይደለም። አንድ ዘንግ ብቻውን፣ የፀጉር ማስያዣ ላይ የሚሰፋ ትንሽ አበባ፣ ደረት ላይ የሚሰካ ጌጥ፣ እነዚህ ሩብ ሰዓትና ግማሽ ሰዓት የሚወስዱ ናቸው፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሰዓቷ ግን አይዋረድም።

ሌላው ተቃውሞ "ይህ የእኛ አይደለም" የሚል ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያሻም። ኪሮሽ ለማንም ጥንታዊ ሥራ አይደለም፤ ዛሬ በምናውቀው መልኩ አሠራሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1823 በአንድ የሆላንድ መጽሔት ላይ ነው፤ ገና ሁለት መቶ ዓመቱ ነው። ወደ እኛ የመጣው ከውጭ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳንቴሉ ግን ዛሬ ከጀበናው ጋር አብሮ የሚኖር የቤታችን ዕቃ ሆኗል። የእኛ የሚያደርገው የምንሠራው አበባ ነው። ሁሉም የውጭውን ጽጌረዳ መቅዳት የለበትም። የአፍሪካ ተወላጅ የሆነው የጽጌረዳ ዓይነት ቀጋ በደጋው አጥር ላይ ነጭ ሆኖ ያብባል፤ አምስት ቅጠልና ቢጫ መሀል ብቻ ስላለው ለጀማሪ እጅ ከጽጌረዳ ይቀልላል። አደይ አበባ መስከረም ላይ ብቅ ብሎ ወዲያው ይጠፋል፤ በቢጫ ክር የተሠራ የአደይ እቅፍ ግን ለእንቁጣጣሽ ከሐምሌ ጀምሮ ሊዘጋጅ፣ ዝናቡ ሰውን ቤት ባስቀመጠበት ወቅት ሊጠራቀም ይችላል። ውጭ አገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ከዚህ የተሻለ የበዓል ስጦታ ማሰብ ይከብደኛል፤ በፖስታ ይሄዳል፣ ሲደርስም አልጠወለገም። የፕላስቲክ ቄጠማ እየገዛ ሳሎኑ የሚያነጥፍ ሰው በእጅ የተሠራውን አደይ "ባዕድ" ሊለው አይችልም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው ለሴቶች መብት ከሚያስቡ ሰዎች ነው። ሴትን እንደገና ቤት አስቀምጦ፣ ጎንበስ አስብሎ፣ ዓይኗን እያደከመ በርካሽ የሚያሠራ ሥራ ማወደስ ምን ይጠቅማል ይላሉ። ይህን ፍርሃት የሚደግፍ ታሪክ አለ፤ በደንብ መታየት ያለበት ይመስለኛል። አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 በድንች በሽታ ምክንያት በደረሰው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። በዚያ ዘመን በኮርክ አካባቢ መነኮሳይያት፣ በክሎንስ ከተማ ደግሞ የቄሱ ባለቤት ካሳንድራ ሃንድ ለተራቡ ቤተሰቦች ሴቶችና ልጆች ኪሮሽ ማስተማር ጀመሩ። የተሠራው በአብዛኛው አበባ ነበር፦ ጽጌረዳ፣ ሦስት ቅጠል ያለው የአገሩ ሣር፣ የወይን ዘለላ። ሥራው ተከፋፍሎ ነበር፤ አንዷ ጽጌረዳ ብቻ፣ ሌላዋ ቅጠል ብቻ ትሠራለች፤ የተካነችው ደግሞ ሁሉንም በመረብ አያይዛ የአንገት ልብስ ታደርገዋለች። አንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን አበባ አሠራር ለጎረቤት አያሳይም ነበር። ገንዘቡ ብዙ ሰው ከረሃብ አውጥቷል፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን የለንደንና የፓሪስ ሱቅ የሚሸጥበት ዋጋና ሠሪዋ እጅ የሚገባው ዋጋ የትየለሌ ይራራቅ ነበር፤ ነጋዴው በመሀል ነበረ፤ ዋጋ የሚቆርጠውም እሱ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ የስዊዘርላንድና የጀርመን የጥልፍ ማሽኖች የአየርላንዱን ዳንቴል የሚያስመስል ጨርቅ ማውጣት ጀመሩ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋሽኑም አለፈ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛው የማሽኑን ነገር ይመለከታል። ማሽኑ ያስመሰለው ጠፍጣፋውን ዳንቴል ነው፤ ጨርቅ ላይ ጠልፎ ጨርቁን በኬሚካል በማሟሟት። ቅጠል በቅጠል ተደራርቦ የቆመውን፣ ከሁሉም አቅጣጫ የሚታየውን አበባ ግን አልቻለም። ስለዚህ ለጢቾ ሴቶች ከጠፍጣፋ ዳንቴል ይልቅ የቆመ አበባ አስተማማኝ ሥራ ነው ማለቴ ከምኞት የመጣ አይደለም። ሁለተኛው ተቃዋሚዎቹን ይመለከታል፤ እነሱ ትክክል የሚሆኑት ሠሪዋ ዋጋ ቆራጭ ባልሆነችበት ቦታ ሁሉ ነው። የአየርላንዷን ሴት የበደላት ዋጋዋን ሌላ ሰው መቁረጡ ነበር፤ ኪሮሹ ምንም አላደረጋትም። መፍትሔውም ሥራውን መናቅ ሊሆን አይችልም፤ የናቁት ሥራ ርካሽ ሆኖ ይቀጥላል እንጂ አይጠፋም። ዓይንና አንገት የሚያደክም መሆኑም እውነት ነው፤ በቂ ብርሃን፣ መደገፊያ ያለው ወንበርና በየሰዓቱ ብድግ ማለት ያስፈልገዋል፤ የዕረፍቱ ጊዜም ዋጋው ውስጥ መግባት አለበት። ቤት መቀመጥን በተመለከተ ደግሞ፣ ሕፃን ልጅ ላላት ወይም ታማሚ ለምታስታምም ሴት ሥራው ቤት መሠራቱ ነፃነት ነው፤ ውጭ መሥራት ለምትፈልገው ግን ግዴታ ሊሆንባት አይገባም። አሥርና አሥራ አምስት ሆነው በአንድ ክፍል ቢሠሩ ደግሞ ከብቸኝነቱ ይድናሉ፤ እንደ አየርላንዶቹም ሥራውን ይከፋፈላሉ፤ ዋጋውንም በአንድነት ቆርጠው "ከዚህ በታች አንሸጥም" ለማለት አቅም ያገኛሉ።

ስለ ክሩ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አሁን በብዛት የሚሠራበት ከውጭ የሚገባ ሰው ሠራሽ የሹራብ ክር ነው፤ ቀለሙ ያማረ፣ ለስላሳ፣ የሚለጠጥ። ዶላር ሲወደድ ይወደዳል፤ አንዳንዴም የጀመሩት ቀለም መሀል ላይ ይጠፋል። በደጋው ግን በግ አለ። የአገራችን በግ ሱፍ ሻካራ በመሆኑ ለልብስ አይመችም ይባላል፤ በእርግጥም ሰውነት ላይ ሲያርፍ ይኮሰኩሳል። የመንዝ ሰው ግን ከዚሁ ሻካራ ሱፍ በርኖስና ዝተት ሲሠራ ኖሯል። አበባ ደግሞ ሰውነት ላይ አይለበስም! የልብስ ጉድለት የሆነው ሻካራነት ለአበባ ጥቅም ነው፤ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አይልፈሰፈስም። በእንዝርት የሚፈተለው የጥጥ ፈትልም ለነጩ ቀጋ ይሆናል። የሚያስፈልገው እኩል ውፍረት ያለው አድርጎ መፍተል ነው፤ ውፍረቱ ሲለዋወጥ ቆጠራው ትክክል ቢሆንም አበባው ይጣመማል። የሚፈትሉ እጆች በአገሪቱ ስላሉ ይህ ከሥልጠና ያለፈ ነገር አይጠይቅም፤ የክሩ ገንዘብም እዚያው አካባቢ ይቀራል።

የሚጎድለውን ደግሞ ሳላድበሰብስ ልናገር። ገበያ ላይ የሚታየው የክር አበባ ሁሉ 700 ብር አያወጣም። ሽቦው ያፈጠጠ፣ ሙጫው የሚታይ፣ የክሩ ጫፍ ውስጥ ሳይቀበር የተንጠለጠለ፣ አምስት የማይስማሙ ቀለሞች የታጨቁበት ሥራ አለ። ሰዓት መጠየቅ መብት የሚሆነው ሰዓቱ በሥራው ላይ ሲታይ ነው። በአገሪቱ ለሴቶች የእጅ ሥራ ሥልጠና መስጠት አዲስ ነገር አይደለም፤ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለልጃገረዶች ከተከፈተበት እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የእጅ ሙያ የሴቶች ትምህርት አካል ሆኖ ቆይቷል። ሥልጠናው ብዙ ጊዜ የሚያቆመው ግን "እንዴት ይሠራል" ላይ ነው፤ "ስንት ይሸጣል" የሚለውን የሚያስተምር ጥቂት ነው። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች፣ የወረዳ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ብድር የሚሰጡ ተቋማት የሚያሠለጥኗትን ሴት በመጀመሪያው ቀን አንድ ደብተር ቢሰጧት ኪሮሽ ከመስጠት እኩል ይጠቅማታል፦ ስንት ሰዓት ጀመረች፣ ስንት ሰዓት ጨረሰች፣ ክሩ ስንት ወጣበት፣ በስንት ተሸጠ። ከሦስት ወር በኋላ ያ ደብተር የትኛው አበባ እንደሚያዋጣና የትኛው እንደሚያከስር ከማንም አሠልጣኝ በላይ ይነግራታል።

የክር አበባ የምትሠሩ እህቶቼ፣ ዋጋ ስትጠየቁ ከክሩ አትጀምሩ፤ "ይህ አምስት ሰዓት ወስዷል" ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ ዋጋችሁን ተናገሩ። ገዢዎችም፣ የሚቀጥለው ምረቃ ወይም እንቁጣጣሽ ሲደርስ የክር እቅፍ ይዛ የቆመች ሴት ብታገኙ፣ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀባት ጠይቋት፤ መልሱን ሰምታችሁ ያንን ሰዓት እናንተ በስንት ትሠሩት እንደ ነበር አስቡና ክፈሏት።